ብርሃን ካየህ አልገጠመም

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬም አመለጠኝ። ድንች ልልጥ ጀርባዬን ሳዞር ወንድም ጋሼ ከበሩ ኋላ ኮቱን አውርዶ ውልቅ ብሏል። ከኮቱ ጎን ተሰቅሎ የነበረውን የባለቤቴን ቀይ የአንገት ልብስ መሬት ወድቆ አገኘሁት። አንሥቼ፣ አራግፌ፣ መልሼ ሰቀልኩት። ከዚያ ነው ወደ ውጭ የሮጥኩት። ለምን ቀድሜ እንዳልሮጥኩ አላውቅም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደርሳበት ኖሮ፣ ከዋናው መንገድ ጥግ እጅጌውን ይዛ ስትመልሰው አገኘኋቸው። «ጋሽ ቁልፌ፣ ይኸው አደራዎን ይረከቡኝ፤ ሳይለካ የወጣ ደንበኛ ነው» አለችኝ። ለሳቅ ብላ ነው። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

እሱ ተቆጥቷል። «የማታው ባቡር እየመጣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? መቀየሪያውን ማን ሊይዘው ነው፣ አንተ?» ዕድሜውን ሙሉ የሐዲድ መቀየሪያ ጠባቂ ነበር። ባቡር ሲመጣ ዘንጉን ስቦ በየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚያበጅለት እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ! አእምሮው ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ እየጣለ ሲሄድ ፈረቃውን ብቻ አጥብቆ ያዘ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እግሩ ይነሣል።

ማታ ልጁ ደወለች። ወሬው ደርሷታል። «አጎቴ፣ በሩን ቆልፍበት። ካልሆነ የአረጋውያን ቤቱ አልጋ ይዞልኛል። የብርዱ ወራት እስኪወጣ እኔ ጋ ይሁን ስላልከኝ ነው ዝም ያልኩት። ዳግመኛ መንገድ ላይ ከተገኘ ግን እወስደዋለሁ። መኪና ቢገጨው ምን ይውጠኛል?»

ቁልፍ ስቀርጽ የኖርኩ ሰው ነኝ። በገዛ ወንድሜ ላይ ግን አልቆልፍም አልኳት። «አንተ እኮ ብቻህን ላለመሆን ነው እንጂ...» ብላ ሳትጨርሰው ደህና እደር አለችኝ።

ምን ለማለት ነው? ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ስንት ሌሊት ብቻዬን አድሬያለሁ። ለምጄዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ለበሩ ደወል ነገር ልገዛ ራዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ገብቼ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ ሣጥን የአሻንጉሊት ባቡር አየሁ። ክብ ሐዲድ፣ አንድ ጎታች፣ ሦስት ፉርጎ። በመብራት ይሄዳል። «ለልጅ ልጅዎ ነው?» አለኝ። ልጅ ሳይኖረኝ የልጅ ልጅ ከየት ይመጣል። «ለታላቅ ወንድሜ ነው» አልኩት። ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ አቆመና ሣጥኑን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። «ይቅርታ ጋሼ። ገመዱን ልፈትሽልዎት፤ እንዳይነዝረው» አለ።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ባለቤቴ ትኩስ ድስት ያለ ማስቀመጫ የማታስነካው ጠረጴዛ ነው። ይቅር በይኝ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ወንድም ጋሼ ኮቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ባቡሩን ሲያይ አመሸ። አልወጣም። ተመስገን።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ደስታዬ አላደረም።

«ይሄ ባቡር የት ነው የሚደርሰው?»

«ይዞራል ወንድም ጋሼ።»

«ይዞራል ማለት ምን ማለት ነው? ሰዉ የት ይውረድ? ቤቱ የሚጠብቀው የለም? ነጂው አብዷል እንዴ?»

ላጠፋው ስል ይባስ ተሸበረ። መሐል መንገድ ላይ ቆመ አለ። ኮቱን ለበሰ። እኔ በሩን ተደግፌ፣ እሱ ደረቴን እየገፋ፣ እስኪጨልም ተያይዘን ቆምን። ሁለት ሽማግሌ። ማንም ቢያየን ምን ይል ነበር።

ስጸልይ ሐሳቤ እየሸሸ እሱው ላይ ተመለሰ። እውነቱን ነው። የሚገባበት የሌለው ባቡር ያሳዝናል። ተገንጥሎ የሚያርፍበት መስመር ልሠራለት ነው። ለዚያ ደግሞ መቀየሪያ ያስፈልጋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከራዲዮ ጠጋኙ የፕላስቲክ መቀየሪያ አመጣሁ። ትንሽ ጫን ሲሉት በውስጡ ባለው ሞላ ራሱ ጠቅ ብሎ ይዞራል። ወንድም ጋሼ ሁለት ጊዜ ሞከረው፤ ጎንበስ ብሎ አየው፤ ነቅሎ ወረወረው።

«ይሄ ውሸታም ነው። ሳይገጥም ጠቅ ይላል።»

ከምድጃው ሥር ፈልጌ አወጣሁት። አየሁት። እውነት ነው፣ አይገጥምም።

በእጄ ልሠራው ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ እስኪመሽ ሠራሁ። እሑድ መሥራቴ ከነከነኝ። ወንድምን ከመንገድ ማስቀረት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አምላክ ያውቀዋል፤ እጄ ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎኝ እንደሆነም ያውቃል።

ራዲዮ ጠጋኙ ፊቱ በመዳብ የተለበጠ የተበላሸ የራዲዮ ሰሌዳ ሰጥቶኛል። በመጋዝ በቀጭን በቀጭኑ እየሰነጠቅኩ ከሐዲድ ሥር እንደሚጋደሙት እንጨቶች ደረደርኩት። ሐዲዱን እላዩ አስቀምጦ በካውያ እርሳስ ማቅለጥ ነው። ጠብ ይላል፣ እንደ መስተዋት ያበራል፣ ከዚያ ይደበዝዛል። ሲደበዝዝ ያዘ ማለት ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት እንዳይዛነፍ ከነሐስ ቁራጭ መለኪያ ሞርጄ አወጣሁ። ቁልፍ እንደ መቅረጽ ነው፤ እጄ ያውቀዋል።

መከራው ምላሶቹ ላይ ነው። ሁለት ቀጫጭን ሐዲዶች ናቸው፤ ጫፋቸው እንደ ቢላዋ ተስሎ ከዋናው ሐዲድ ጎን ልጥፍ ማለት አለበት። አንዱ ሲለጠፍ ሌላው ይለቃል። ባቡሩ የተለጠፈውን ተከትሎ ይሄዳል። መቀየሪያ ማለት ይኸው ነው። የሚገፋቸውን ዘንግ ከአንድ አሮጌ ቁልፍ ሠራሁት፤ አስቀርጾኝ ሳይወስደው የቀረ ሰው ቁልፍ ነው።

ወንድም ጋሼ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ጊዜ እንኳ በሩን አላየም።

«ወፍራም ነው። ሞርደው።»

ሞረድኩት።

«አሁን ደግሞ አከሳኸው። ሳል ሲይዘኝ ሊጎብጥ ነው።»

ልጆች ሆነን የጫማ ክር ማሰር ሲያስተምረኝም እንዲሁ ነበር። ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ካውያው ሲያቃጥለኝ ግን እጄን ያዘና እፍ አለበት። «አይዞህ ትንሹ» አለኝ። ስሜ ከጠፋው ቆይቷል፤ ትንሹ ግን አልጠፋም።

ለዘንጉ ጠረጴዛውን መብሳት ነበረብኝ። መሰርሰሪያው ሲገባ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሳተ። እንደገና ሳተ። የፉርጎው እግር ምላሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይነክሰዋል። ጥዬ ሌላ ጀመርኩ። ድስት አረረ። ወንድም ጋሼ ሁለቴ በር ድረስ ሄደ። ሁለተኛውን ጊዜ ካውያውን እንደያዝኩ ነው የሮጥኩት፤ ክንዱን ከያዝኩት በኋላ ነው በሌላ እጄ የጋለ ብረት እንዳለ ያየሁት።

ለልጁ አልነግራትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ገጠመ!

ከሰዓት በኋላ ነው። ባቡሩ ዞረ፣ ወንድም ጋሼ ዘንጉን ሳበ፣ ሦስቱም ፉርጎዎች ወደ ውስጠኛው መስመር ተከታትለው ገቡ። ጎታቹን አቆምኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ወንድም ጋሼ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እንደዚያ ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም። «ደረሱ» አለ።

ከዚያ ሥራውን አስተማረኝ። መቀየሪያ በአንድ ሰው አይያዝም አለ። አንዱ ዘንጉን ስቦ «ገጠመ?» ብሎ ይጣራል። ሌላው ምላሱ ጋ ጎንበስ ብሎ ያያል። በምላሱና በዋናው ሐዲድ መካከል ክር የምታህል ብርሃን እንኳ ካየ «አልገጠመም» ይላል። ምንም ብርሃን ከሌለ ብቻ «ገጥሟል» ይላል።

«በጆሮህ አይደለም፣ በግምትህ አይደለም፣ በዓይንህ። ብርሃን ካየህ አልገጠመም። ገባህ ትንሹ?»

«ገባኝ።»

«ባቡሩን ከለቀቅክ በኋላ ደግሞ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ዓይንህን አታነሣም። ተቆርጦ የቀረ እንዳለ የምታውቀው በዚያ ነው።»

«ሐዲድ ቢስትስ?»

ፊቱ ተለወጠ። «በእኔ መቀየሪያ ስቶ አያውቅም። ከሳተ ግን የወደቀው ላይ አፍጥጠህ አትቆምም። የወደቀ ወድቋል። ቀይ ነገር ይዘህ ወደ ኋላ ትሮጣለህ፤ ከኋላ የሚመጣውን ታቆማለህ።»

ሲናገር ድምፁ የድሮው ነው። አንድም ቃል አልተምታታበትም። እራት ላይ ግን ማንኪያውን ገልብጦ ይዞ ሾርባው ለምን እንደማይመጣለት ግራ ገባው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

አሁን አመሻሹ ሥርዓት አለው። እኔ ምላሱ ጋ፣ እሱ ዘንጉ ጋ። ገጠመ? ገጥሟል። ልቀቀው። ሲመሽ ባቡሩ ገብቶ ያድራል፤ እሱም ኮቱን ራሱ አውልቆ ይሰቅላል። ኅዳር ከተጋመሰ ወዲህ በሩን አልፎ አያውቅም።

ዛሬ ልጁ መጣች። ያየችው እንዲያሳምናት ብዬ ሁሉንም አዘጋጅቼ ነበር። ገና ስትገባ ወንድም ጋሼ ተነሣ። ቆቡን አወለቀላት።

«ወዴት ነሽ የእኔ እመቤት?»

«አባዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ግድ የለም፣ ይደርሳል። ዘግይቶ ከሆነ ብርዱ ነው። እዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ፤ ሲመጣ እጠራሻለሁ።»

ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ እንደ መንገደኛ ተቀመጠች። ባቡሩ ሲገባ፣ «በይ ልጄ፣ መጣልሽ» አላት። ልጄ ያለው እንዲሁ ለወግ ነው። እሷ ግን ያንን ቃል ይዛ ጓዳ ገባች፤ ውሃውን ከፍታ ብዙ ቆየች።

ስትሄድ ከደጅ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲያወሩ በመስኮቱ ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም።

«አባትሽስ ደህና ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «እኔ የምፈራው ለታናሹ ነው። ኮቱ ሰፍቶታል። በዓይኔ ለክቼዋለሁ።»

«እኔም አይቻለሁ። ከሁለቱ ማን ማንን እንደያዘ አላውቅም።»

ኮቱ ድሮም ሰፊ ነበር።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

እንቅልፍ የለም። ወንድም ጋሼ ሌሊት ይነሣል፣ አብሬው እነሣለሁ። ጠዋት መዝሙረ ዳዊቱን ከፍቼ ያንኑ መስመር ሦስቴ አነበብኩ። ምላሱ ከመላወሱ የተነሣ ሥሩ ላይ ተሰንጥቋል፤ መልሼ መበየድ አለብኝ። ካውያው ዛሬ ከበደኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ሐኪም ቤት። ኮሪደር። ዳሌው ተሰብሯል። ይኖራል ብለዋል። ልጁን ጠርቻታለሁ። አምላኬ። አምላኬ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

አሁን ልጽፈው።

ትናንት ጠዋት ምላሱን በየድኩ። አመሻሹ ላይ እንደ ወትሮው ጀመርን። እኔ ሳህን ለማጠብ ወደ ጓዳ ገባ ብዬ ነበር። ወንድም ጋሼ ጠየቀ፣ መለስኩለት። ባቡሩን ለቀቀ። ድምፁን ሰማሁ፤ ቀላል ነገር ነው የወደቀው፣ እንደ ማንኪያ። እጄን አደራርቄ ስገባ ጎታቹ ከጠረጴዛው ወድቆ ወለሉ ላይ እግሮቹ ይሽከረከራሉ። ፉርጎዎቹ ተጋድመዋል። በሩ ተከፍቷል። ኮቱ እቦታው ነው፤ የባለቤቴ ቀይ የአንገት ልብስ ግን የለም።

ወደ ኋላ ሮጧል። የሚመጣውን ሊያቆም።

ያስቆመው የጭነት መኪና ሾፌር ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ አብሮኝ ቆሟል። «አባቴ፣ እንደ እሳቸው አድርጎ ያስቆመኝ ትራፊክ የለም» አለኝ። «ቀዩን በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ እግራቸውን ገጥመው። ሽማግሌ ቀወሰ አላልኩም፤ ከፊት አንድ ነገር ደርሷል ብዬ ነው ፍሬን የያዝኩት። ከኋላዬ የመጣችው ትንሿ መኪና ናት ልትቀድመኝ ወጥታ የገጨቻቸው።» የአንገት ልብሱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ነበር። ሰጠኝ። ጫፉ ተቀዷል።

ልጁ አልጮኸችብኝም። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ፣ «በቃ አጎቴ። በቃ» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

ቅዳሴ አልሄድኩም። አልጋው አጠገብ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ገለጠ፤ እንባው በጎንና በጎን ወደ ጆሮው ይወርዳል።

«በእኔ ፈረቃ» አለ።

«ምኑ ወንድም ጋሼ?»

«ሳተ እኮ። በእኔ ፈረቃ። ስንት ሰው ነበረበት?»

ምን ልበለው። አሻንጉሊት ነው ልበለው? ባቡር የለም፣ ፈረቃ የለም፣ ጡረታ ወጥተሃል፣ ሚስትህም የለች፣ የእኔም የለች ልበለው?

«ሰው የለበትም» አልኩት። «ፉርጎዎቹ ባዶ ነበሩ።»

«ባዶ?»

«በዓይኔ አየኋቸው። ሦስቱም ባዶ ናቸው።»

እጄን ይዞ ሳመው። ታላቄ ነው፤ የእኔን እጅ ሳመ። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ከላይ «መለስኩለት» ብዬ ጽፌያለሁ። ሳነበው ዐረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድለውም። የሚጎድለው እኔ ነኝ።

ዛሬ ለራሱ ነገርኩት። ነርሷ አስተካክላው ከወጣች በኋላ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ያ ባቡር የሳተው በአንተ ጥፋት አይደለም። ገጠመ ስትለኝ ሳላይ ነው ገጥሟል ያልኩህ» አልኩት።

ጣሪያውን አየ። የሰማኝ አልመሰለኝም።

«ሳታይ?»

«ሳላይ።»

«ጻፈው» አለ።

«የት?»

«የሚጻፍበት ላይ ነዋ። እንደሆነው ጻፈው። ሳያይ ገጥሟል ያለ ሰው ይጻፋል።»

«ቅጣቱስ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ ዘንግ ነው የምስብ» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ሳቄ መጣ። ሳቅ ነው ብዬ የጀመርኩት ግን ሌላ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ እጽፈዋለሁ። ጓዳ ነበርኩ። እጄ ውሃ ውስጥ ነበር። ደክሞኝ ነበር። «ገጠመ?» ብሎ ሲጣራ ከሳህኑ ላይ ቀና ሳልል «ገጥሟል!» ብዬ ጮህኩ። ጠዋት ስበይድ ጠብ ያለች የእርሳስ ፍሬ፣ የስንዴ ቅንጣት የማታህል፣ በምላሱና በዋናው ሐዲድ መካከል ተጣብቃ ነበር። ማታ ከሐኪም ቤት ተመልሼ ጎንበስ ብዬ አየኋት። ከጎኗ ብርሃን ያልፋል። ጎንበስ ላለ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እሱ ግን ቃሌን አምኖ ለቀቀ። ሁሉ የጠፋው ሰው የእኔን ቃል ግን ያምን ነበር።

አቤቱ፣ ጽፌዋለሁ።

እሑድ፣ ጥር 3

ትናንት ወደ አረጋውያን ቤቱ ገባ። መኪናው ውስጥ ልጁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከእሱ ጋር። ልብሱን ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ኮቱን አትርሺ አልኳት፤ እዚያ ኮት አያስፈልገውም አለችኝ። ተሰቅሎ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ የአንገት ልብሱን ጫፍ ሰፍታ አመጣችልኝ። ስፌቱ አይታይም። ሒሳቡን ስጠይቃት፣ «ይልበሱትና ይክፈሉኝ፤ ሚስማር አይበርደውም» አለች። ስትወጣ ጠረጴዛውን አየችው። «ይህንንስ አያነሡትም?» አላነሣውም አልኳት።

ለካ ቤት እንዲህ ጸጥ ይላል። ረስቼው ነበር። ወይም ልጁ እንዳለችው ነው፤ ያንን ማታ ሳትጨርሰው የተወችውን።

እሑድ፣ ጥር 10

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። የአንገት ልብሱን ለብሼ ነበር።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ መጥፎ ነገር አልናገርም። አልጋው ከጎንና ከጎኑ ከፍ ዝቅ የሚል የብረት መከታ አለው፤ እንዳይወድቅ ነው። ወንድም ጋሼ መዳፉን ብረቱ ላይ አድርጎ አገኘሁት። ከስቷል። ትንሹ አላለኝም፤ ሌላም አላለኝም። ብርቱካን ላጥኩለት። በላ። ቀዩን ልብስ በጣቱ ነካ አደረገው።

«ይሄን ማን ሰጠህ?»

«ባለቤቴ።»

«ደህና አድርገህ ያዘው። ያስፈልጋል» አለኝ።

ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የጥየቃ ሰዓት አልቋል፤ ነገም ቀን ነው» አለች። ግንባሩን ሳምኩት። ተነሣሁ። በሩ ጋ ደርሼ እጀታውን ስይዝ ከኋላዬ ጠራ፤

«ገጠመ?»

ድምፁ የድሮው ነው። መዳፉ ብረቱ ላይ እንዳለ ነው።

ከበሩ ሆኜ ገጥሟል ማለት እችል ነበር። ነርሷ ቆማለች፣ እኔም ደክሞኛል፣ ማን ያውቃል። ተመለስኩ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተንበረከክሁ። የብረቱ መከታ ከቋሚው ጋር የሚያያዝበትን አየሁ። ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን በመካከሉ እንደ ክር ያልፋል።

«አልገጠመም ወንድም ጋሼ።»

«ምን አልኩ! ማንም እንዳይንቀሳቀስ።»

ስለዚህ አልተንቀሳቀስኩም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቆየሁ። ነርሷ፣ «ምን ሆናችሁ ነው?» አለች። «መያዣው አልያዘም ልጄ» አልኳት። መጥታ ነቅነቅ አደረገችው። «አሃ፣ እውነት ነው! እኔም አላየሁት» ብላ ብረቱን ወደ ላይ አንሥታ ለቀቀችው። ቀጭ አለ።

ቀጭ ማለቱን አላመንኩም። እንደገና ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብርሃን የለም።

አፌ ግን አልከፈት አለኝ። በሩን አልቆልፍበትም ያልኩ ሰው ነኝ። ወንድሜ በብረት መካከል ተኝቶ አፌን ያየኛል።

«ትንሹ! ገጠመ ወይ?»

ትንሹ አለኝ።

«ገጥሟል» አልኩት።

መዳፉን ከብረቱ ላይ አነሣ። ሰውነቱ ትራሱ ላይ ረገብ አለ። «በል ልቀቀው» አለ። «መስመሩ ክፍት ነው። ሂድ።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ከአልጋው ሆኖ በክፍቱ በር ይታያል። መሐሉ ላይ ስደርስ ዞር አልኩ። ከትራሱ ቀና ብሎ ያየኛል። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ዓይን አይነሣም ብሎኛል።

ረጅም ባቡር እንድሆንለት ቀስ እያልኩ ሄድኩ።